መውጫው በትእዛዝ፣ መግቢያው በልመና፦ በቢጂፒ መንገድ ስለማስመረጥ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ግራፍ ነው።

ይህችን ግራፍ አብዛኞቻችሁ አይታችኋታል። ሁለት መስመር ያለው ኔትወርክ አለ እንበል። አንዱ መስመር 10 ጊጋ ነው። ዋናው እሱ ነው። ሌላው 1 ጊጋ ነው፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ። ባለሙያው ቁጭ ብሎ ቢጂፒውን ያስተካክላል። ትልቁ ይቅደም፣ ትንሹ ይጠብቅ ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ግራፉን ይከፍታል። የሚወጣው ትራፊክ ልክ እንደታዘዘው በትልቁ ይሄዳል። የሚገባውስ? እሱ በትንሹ መስመር እየተጋፋ ይገባል። 1 ጊጋው ጢም ብሎ ሞልቷል። ትልቁ ባዶውን ተኝቷል። ስልክ መጮህ ይጀምራል።

ባለሙያው ለራውተሩ የጻፈው ትእዛዝ፣ ኮንፊግ የምንለው፣ ስህተት የለበትም። ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ትክክል ነው። የሳተው ሌላ ነገር ነው። በቢጂፒ መንገድ ማስመረጥ የሚባለው አንድ ሥራ ሳይሆን ሁለት ሥራ ነው። ከእኛ የሚወጣውን እናዝዛለን። ወደ እኛ የሚገባውን እንለምናለን። ማዘዣውና መለመኛው ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ለጀማሪዎች ትንሽ ልበል፤ የምታውቁት ታገሡኝ። ኢንተርኔት አንድ ኔትወርክ አይደለም። ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑ፣ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ኔትወርኮች ተያይዘው የፈጠሩት ነገር ነው። እያንዳንዱ ኤኤስ ይባላል፤ የራሱ ቁጥርም አለው። ቢጂፒ እነዚህ ኔትወርኮች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። ወሬያቸው ቀላል ነው። አንዱ ለጎረቤቱ «ወደዚህ አድራሻ መሄድ ብትፈልግ በእኔ በኩል ይደረሳል፤ መንገዱ በእነዚህ ኤኤሶች ያልፋል» ይለዋል። ጎረቤቱ ከተስማማው ይቀበላል። ከዚያ የራሱን ቁጥር ከፊት ጨምሮ ለሚቀጥለው ያወራል።

መነሻው እ.ኤ.አ. 1989 ነው። በነገራችን ላይ፣ ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው። ኪርክ ሎሂድና ያኮቭ ሬክተር የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች ለስብሰባ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ሄደው ነበር። ምሳ ላይ ተቀምጠው ሐሳቡን በናፕኪን ላይ ጫር ጫር አደረጉት። ዛሬ የምንሠራበት 4ኛው ስሪት ነው። ደንቡ የሰፈረበት ሰነድ፣ አርኤፍሲ 4271፣ በ2006 ወጣ። መሠረቱ ግን ያው የናፕኪኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ቢጂፒ ፍጥነት አይለካም። መስመሩ 1 ጊጋ ይሁን 100 ጊጋ አያውቅም። መጨናነቁን አያውቅም። ፓኬት፣ ማለትም ተቆራርጦ የሚላከው ዳታ፣ እየጠፋ መሆኑንም አያውቅም። የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። «ቢጂፒ ጥሩውን መንገድ ይመርጣል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ጥሩ የሚባለው በማን ሚዛን እንደሆነ ጠይቁት። ሚዛኑን የምንሰጠው እኛ ነን። ካልሰጠነው ለብዙ መንገዶች የኤኤስ ቁጥሮችን ቆጥሮ አጭሩን ይወስዳል። አንድ ኤኤስ ደግሞ አንድ ሕንፃ ሊሆን ይችላል፤ አህጉር የሚያቋርጥ ኔትወርክም ሊሆን ይችላል። ለቢጂፒ ሁለቱም «አንድ» ናቸው።

ከምርጫ በፊት ያለው በር

ስለ ምርጫ ከማውራታችን በፊት፣ ጨርሶ ምርጫ ውስጥ የማይገባ ነገር አለ። ራውተር ፓኬት ሲልክ ሁልጊዜ ጠበብ ያለውን የአድራሻ ክልል ይከተላል። አንዱ ጎረቤት ስለ ሰፊ ክልል ቢነግረን፣ ሌላው በዚያው ውስጥ ስላለ ጠባብ ክልል ቢነግረን፣ ሁለቱ አይወዳደሩም። ሁለቱም ሠንጠረዡ ውስጥ ይቀመጣሉ። ፓኬቱ ግን በጠባቡ ይሄዳል። ለሰፊው ምንም ያህል ከፍ ያለ ፕሪፈረንስ፣ ማለትም የማስቀደሚያ ቁጥር፣ ብትሰጡት ወይ ፍንክች!

ይህ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ዓለም በ2008 አይቷል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለማገድ ፈለገ። 208.65.153.0/24 የሚለውን ክልል ወደ ራሱ ጠቆመ። ዩቲዩብ በዚያን ጊዜ የሚያውጀው 208.65.152.0/22 ነበር፤ ማለትም ሰፋ ያለውን። ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር ሲያንስ ክልሉ ይሰፋል፣ ሲበዛ ይጠብባል። የአገር ቤቱ መመሪያ አምልጦ ወደ ውጭ ወጣ። ዓለም ጠባቡን ተከተለ። ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙ ቦታ ጠፋ። የየትኛውም ኔትወርክ ፕሪፈረንስ አላዳነውም። ዩቲዩብም መልስ የሰጠው በዚያው መሣሪያ ነው፤ መጀመሪያ /24 አወጀ፣ ቀጥሎ ከዚያም ጠበብ ያሉ ሁለት /25ዎችን።

ይህን በር ካለፍን በኋላ ነው ፉክክሩ የሚጀምረው። ሁለት ጎረቤቶች ስለ አንድ ዓይነት ክልል ነገሩን። ራውተሩ አንዱን መምረጥ አለበት። መሰላል ይወርዳል። መጀመሪያ ቀጣዩ ራውተር የሚደረስበት መሆኑን ያያል፤ ካልተደረሰበት መንገዱ ከጨዋታ ውጭ ነው። ከዚያ ሎካል ፕሪፈረንስ ይመጣል። ከዚያ የኤኤሶቹ ሰንሰለት ርዝመት። ከዚያ ኦሪጂን የምትባለው ምልክት፤ እሷን ለጊዜው እርሷት። ከዚያ ኤምኢዲ፤ እሱን በኋላ አነሣዋለሁ። ከዚያ ከውጭ ጎረቤት የተሰማ ከውስጥ ከተሰማ ይቀድማል። ከዚያ ለእኛ ቅርብ የሆነው መውጫ። በመጨረሻ ሁሉም እኩል ከሆነ ዕጣ እንደመጣል ያለ ነገር ነው፤ ቆየት ያለው መንገድ ወይም ትንሹ የራውተር መለያ ቁጥር ያሸንፋል።

ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉን መሸምደድ አይደለም። አንድ ደረጃ ላይ አሸናፊ ከተገኘ የታችኞቹ ደረጃዎች አይታዩም፤ ዋናው ይህ ነው። አይደማመሩም፣ አይካካሱም። ሎካል ፕሪፈረንሱ 101 የሆነ፣ 30 ኤኤስ የሚያቋርጥ መንገድ፣ 100 ያለውንና አንድ ኤኤስ ብቻ የሚያልፈውን ይረታል። በአንዲት ቁጥር! ብዙ ሰው ይህን እንደ ነጥብ ድምር ያስበዋል። አይደለም።

በሲስኮ ኩባንያ ራውተር ላይ የሠራችሁ «ዌይትስ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ዌይት የሚባለው የሲስኮ ቁጥር ከሎካል ፕሪፈረንስም በላይ ነው። ግን የዚያች አንዲት ራውተር የግል ማስታወሻ ነው። ለማንም አይነገርም። ሁለት ራውተር ያለው ሰው በአንዱ ላይ ዌይት ከጻፈ፣ ሁለቱ ራውተሮች ስለ አንድ ጉዳይ የተለያየ ሐሳብ ይይዛሉ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ማን ለምን እንደጻፈው የሚያስታውስ አይኖርም። የእኔ ምክር፦ ርቃችሁ ተቀመጡ።

ሎካል ፕሪፈረንስ የገንዘብ ቋንቋ ነው

ዋናው ማዘዣ ሎካል ፕሪፈረንስ ነው። ቁጥር ነው። ትልቁ ያሸንፋል። ምንም ካልጻፋችሁ በአብዛኛው ዕቃ ላይ 100 ነው። ከዌይት የሚለየው ደግሞ በኤኤሱ ውስጥ ላሉት ራውተሮች ሁሉ መነገሩ ነው። ሁሉም አንድ ሐሳብ ይይዛሉ። ከኤኤሱ ድንበር ግን አይወጣም። ስሙ ራሱ «ሎካል» የሚለው ለዚህ ነው። የእኛን ምርጫ ለጎረቤት አንናገርም፤ የጎረቤትም ለእኛ አይነገርም። ይህችን ልብ በሉ፤ በኋላ ትመጣለች።

ቁጥሩን በምን እንስጥ? እዚህ ላይ ቴክኒኩ ያበቃና ንግድ ይጀምራል። አንድ ኔትወርክ ሦስት ዓይነት ጎረቤት አለው። የሚከፍለው ደንበኛ አለ። በነፃ የሚለዋወጠው እኩያ አለ፤ ፒር የምንለው። ወደ ቀረው ዓለም እንዲያደርሰው እሱ ራሱ የሚከፍለው ትራንዚት ሰጪ አለ። አንድን አድራሻ ከሦስቱም ከሰማን በማን በኩል እንላክ? ስንልክበት የሚያስከፍለን እያለ፣ ስንልክለት የሚከፍለን ከተገኘ ምኑ ያጠያይቃል? ስለዚህ ደንበኛ 200፣ ፒር 150፣ ትራንዚት 100 ዓይነት አሰጣጥ ታያላችሁ። ቁጥሮቹ በየቤቱ ይለያያሉ። ቅደም ተከተሉ ግን በአብዛኛው ኔትወርክ ያው ነው።

ይህ ልማድ ከኪስ ሒሳብ በላይ ጥቅም አለው። ሊክሲን ጋኦና ጄኒፈር ሬክስፎርድ በ2001 ባሳተሙት ጥናት አሳይተውታል። እያንዳንዱ ኔትወርክ ለብቻው፣ ከማንም ሳይመካከር ምርጫውን ያደርጋል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ማለቂያ በሌለው መቀያየር ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር፤ እኔ በአንተ በኩል፣ አንተ በሱ በኩል፣ እሱ በእኔ በኩል እያለ። ሁሉም ደንበኛውን ካስቀደመ፣ የእኩያና የትራንዚት መንገድን ለሌላ እኩያና ለትራንዚት ሰጪ ካላወራ፣ የደንበኝነቱ ሰንሰለትም ዞሮ ራሱ ላይ ካልገጠመ፣ ነገሩ ረግቶ ይቆማል። ስግብግብነት የሚመስለው ነገር ኢንተርኔትን አረጋጋው ማለት ነው። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስለ ስም አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥና ልለፍ። ጁኒፐር በሚባለው ኩባንያ ራውተር ላይ «ፕሪፈረንስ» የሚባል ሌላ ነገር አለ። እሱ የሚያወዳድረው ቢጂፒን ከሌሎች ፕሮቶኮሎች ጋር ነው። ለቢጂፒ 170 ነው። እዚያ ደግሞ የሚያሸንፈው ትንሹ ነው! ሲስኮ ይህንኑ «አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ» ይለዋል፤ ከውጭ ለሰማው ቢጂፒ 20፣ ከውስጥ ለሰማው 200 ይሰጠዋል። እዚያም ትንሹ ያሸንፋል። ሎካል ፕሪፈረንስ ላይ ግን ትልቁ። ሁለቱን ያምታታ ሰው መንገዱን ከፍ አደረግሁ ብሎ ይጥለዋል።

ወሬ ሲገባ ትራፊክ ይወጣል

ወደ አጻጻፉ እንምጣ። ጀማሪን ሁሉ የሚያዞረው አቅጣጫው ነው። ከእኛ የሚወጣውን ትራፊክ ለመምራት ፖሊሲውን የምንሰቅለው በመግቢያው በኩል ነው። ግራ ያጋባል አይደል? እንዲህ አስቡት። ወሬና ትራፊክ ተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ጎረቤቱ «በእኔ በኩል ና» ብሎ ሲነግረን ወሬው ወደ እኛ ገባ። ያንን ወሬ አምነን ስንልክ ትራፊኩ ወደ እሱ ወጣ። ስለዚህ የምንልክበትን ለመምረጥ የምንሰማውን ወሬ እንመዝናለን። የሚላክልንን ለመለወጥ ደግሞ የምናወራውን ወሬ እንለውጣለን። ይህ ከገባችሁ የቢጂፒ ግማሹ ገባችሁ።

በተግባር ራውት-ማፕ ትጽፋላችሁ፤ ወሬውን የሚያጣራና የሚለውጥ ደንብ ነው። ውስጡ ሎካል ፕሪፈረንስ 200 ይሁን ትላላችሁ። ከዋናው ጎረቤት ላይ፣ በመግቢያ አቅጣጫ፣ ትሰቅሉታላችሁ። አለቀ። የተጠባባቂው 100 ላይ እንዳለ ይቆያል። ወይም ወደ 90 ዝቅ ታደርጉታላችሁ። እኔ ዝቅ ማድረጉን እመርጣለሁ። ነገ ሦስተኛ መስመር ቢመጣና ማንም ምንም ሳይጽፍለት 100 ቢሆን፣ ከተጠባባቂው በላይ መቀመጡ ይሻላል።

ስሰቅል ከተሳሳትኩት አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ለጥቂት ክልሎች ብቻ ፕሪፈረንስ ከፍ ማድረግ ፈለግሁ። ክልሎቹን ዘርዝሬ፣ እነዚህን ካገኘህ 200 ስጥ ብዬ ጻፍኩ። ሰቀልኩት። ለሌሎቹስ ምን አልኩ? ምንም። ራውት-ማፕ ደግሞ ያልተባለውን «ይለፍ» ብሎ አይተወውም፤ ይጥለዋል። መጨረሻው ላይ የማይታይ «አይለፍ» አለ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መንገዶች ከዚያ ጎረቤት ጠፉ። የቀሩት እነዚያ የዘረዘርኳቸው ጥቂቶች ናቸው። እነሱ ግን 200 ነበራቸው፤ በዚያ በኩል ምንም አልተሳሳትኩም! መድኃኒቱ መጨረሻ ላይ ባዶ «ይለፍ» መጨመር ነው። አንድ መስመር ናት። እሷን ሳልጽፍ ዛሬም እጄ ኢንተር አይነካም።

ሌላው ልማድ፣ ፖሊሲ በለወጣችሁ ቁጥር ሴሽኑን፣ ማለትም ከጎረቤት ጋር ያላችሁን የቢጂፒ ግንኙነት፣ ጨርሳችሁ አትቁረጡት። ብዙ ሰው ያለ ምንም ጭማሪ «ክሊር» ብሎ ይመታል። ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ መንገዶቹ ሁሉ ወርደው ይወጣሉ። ከ2000 ጀምሮ ራውት ሪፍሬሽ የሚባል ነገር አለ። ጎረቤቱን «የነገርከኝን ድገምልኝ» ማለት ነው። ሴሽኑ ሳይነካ አዲሱ ፖሊሲ ይሠራል። «ሶፍት» የምትለዋን ቃል ጨምሩ፤ በቃ።

አሁን ወደ ልመናው

እስካሁን ያወራነው ስለ መውጫው ነው። የግራፏ ችግር ግን የመግቢያው ነበር። ዓለም ወደ እኛ በየትኛው መስመር ይምጣ የሚለውን የሚወስነው ዓለም ነው። የላኪው ራውተር የራሱ ሎካል ፕሪፈረንስ አለው። የእኛን አያይም፤ ከድንበር አይወጣም ብለን የለ? እኛ ማድረግ የምንችለው የምናወራውን መቀባባት ነው።

የተለመደው ፕሪፔንድ ማድረግ ነው። በተጠባባቂው መስመር ስናውጅ የራሳችንን ኤኤስ ቁጥር ደጋግመን እንጽፋለን። ሰንሰለቱ ረዥም ይመስላል። ሰሚው «ይሄ ሩቅ ነው» ብሎ በሌላው ይመጣል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ግን መሰላሉን አስታውሱ። የሰንሰለቱ ርዝመት ከሎካል ፕሪፈረንስ በታች ነው። ለተጠባባቂው ፕሮቫይደር፣ ትንሹን መስመር ለሚሸጥልን ኩባንያ፣ እኛ ደንበኛ ነን። ደንበኛ 200 ነው። ሦስት ጊዜም ደጋገምነው፣ አሥር ጊዜም ደጋገምነው፣ እሱ ዘንድ በሌላ በኩል የሚመጣው የእኛ መንገድ 150 ወይም 100 ነው። ርዝመቱ እስኪታይ ድረስ ጨዋታው አልቋል። ስለዚህ እሱና በእሱ በኩል የሚልኩ ደንበኞቹ በትንሹ መስመር ይመጡብናል። የግራፏ ምስጢር ይኸው ነው። ባለሙያው ፕሪፔንዱን ከሦስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ስምንት ሲያሳድግ ያመሻል። ግራፏ ንቅንቅ አትልም።

ፕሪፔንድ ማብዛት ጉዳትም አለው። የራሳችሁን መንገድ እጅግ ሩቅ ካስመሰላችሁት፣ በስህተትም በክፋትም አድራሻችሁን የሚያውጅ ሌላ ሰው በቀላሉ ይረታችኋል። ከዚህ የባሰም ሆኖ ያውቃል። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2009 አንድ አነስተኛ የቼክ ኔትወርክ ፕሪፔንድ ማድረግ ፈለገ። ቁጥሩ 47868 ነበር። ራውተሩ ላይ ቁጥር የሚሞላበት ሳጥን የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ልድገም?» ነበር። እነሱ ግን የኤኤስ ቁጥራቸውን አስገቡ። ራውተሩ 47868 ጊዜ ሊደግም አይችልም። ለ256 ሲካፈል የሚተርፈውን ወሰደ፤ 252 ጊዜ ደገመ። ያ ረዥም ሰንሰለት ዓለምን ሲዞር እያንዳንዱ ኔትወርክ ቁጥሩን እየጨመረ ከ255 አለፈ። ያረጀ ሶፍትዌር የያዙ ብዙ ራውተሮች ይህን መሸከም አቅቷቸው ሴሽናቸው ወደቀ፣ ተነሣ፣ እንደገና ወደቀ። አንድ ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ስላስገባ የሌሎች አገሮች ኔትወርኮች ተናወጡ። ለእኔ ሁለት ወይም ሦስት ድግግሞሽ ይበቃል። ሦስት ካልሠራ አሥርም ላይሠራ ነው።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? ኮምዩኒቲ። ኮምዩኒቲ በመንገዱ ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ነው። በራሱ ምንም አያደርግም፤ ተቀባዩ ትርጉም ከሰጠው ብቻ ይሠራል። በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1998 ይህንን ነው ያስተማረው። ፕሮቫይደሩ «ይህን ቁጥር ለጥፈህ ከላክህልኝ፣ እኔ ዘንድ ሎካል ፕሪፈረንስህን ዝቅ አደርግልሃለሁ» ብሎ ያስታውቃል። ደንበኛው ለጥፎ ይልካል። ፕሮቫይደሩ 200 ይሰጠው የነበረውን 50 ያደርገዋል። አሁን በሌላ በኩል የሚመጣው 100 አሸነፈ። ትንሹ መስመር ተነፈሰ።

አያችሁ፣ ይሄም ልመና ነው። ነገር ግን በደንብ የተጻፈ ማመልከቻ ነው። የማይሰማ ጎረቤት በር ላይ ከመጮህ ይለያል። ስለዚህ ከአዲስ ፕሮቫይደር ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት የኮምዩኒቲ ዝርዝራቸውን ጠይቁ። ከዋጋው እኩል ጠይቁ። ዝርዝር የለንም ካሏችሁ፣ ያ መስመር ተጠባባቂ ሆኖ መቀመጥ ላይ ይቸግራችኋል።

ኤምኢዲን ባልፈው ትቀየሙኛላችሁ። ከአንድ ጎረቤት ጋር በሁለት ቦታ ስንገናኝ «በዚህኛው በር ግባ» የምንልበት ነው። ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። ችግሩ በዲፎልት የሚወዳደረው ከአንድ ኤኤስ በመጡ መንገዶች መካከል ብቻ ነው። ለሁለት የተለያዩ ፕሮቫይደሮች ከንቱ ነው። ብዙዎቹም ሲደርሳቸው ዜሮ አድርገው ይጥሉታል። ከዚህ በላይ ጊዜ አልሰጠውም።

የቀረው ዱላው ነው። ጠባቡን ክልል ማወጅ። /23 ካላችሁ ለሁለት /24 ከፍላችሁ በዋናው መስመር ብቻ ታውጃላችሁ። ሙሉውን /23 በሁለቱም ታውጃላችሁ። ከምርጫ በፊት ያለውን በር አስታውሱ፤ ማንም ምንም ፕሪፈረንስ ቢኖረው በጠባቡ ይመጣል። ልመና የለም። ሰዎች ይህን ብልግና ነው ይሉታል፤ አልተሳሳቱም። የዓለም ሠንጠረዥ ዛሬ ከ900 ሺህ በላይ የአይፒ ቨርዥን 4 መንገዶች ይዟል። እኛ አንድ ነገር ለሦስት ስንከፍለው የሁሉም ሰው ራውተር ሜሞሪ ይከፍላል። በኦገስት 12 ቀን 2014 ሠንጠረዡ 512 ሺህ አካባቢ ሲደርስ፣ ብዙ ያረጁ ራውተሮች ቦታ አልቆባቸው ተንገዳግደዋል።

ዱላውን የምታነሡ ከሆነ አርፒኬአይን አትርሱ፤ አንድን አድራሻ ማን እንዲያውጅ እንደተፈቀደለት በፊርማ የሚያረጋግጥ ሥርዓት ነው። አድራሻችሁን ለ/23 ብቻ ፈርማችሁ፣ የሚፈቀደውን ርዝመት 23 ላይ ካቆማችሁ፣ የራሳችሁ /24 ሕገወጥ ይሆናል። ፊልተር የሚያደርጉ ኔትወርኮች ይጥሉታል። ኮንፊጋችሁ ንጹሕ ሆኖ ዱላው አይመታም። መጀመሪያ ፊርማውን፣ ቀጥሎ ማወጁን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ውጤቱን ከራሳችሁ ራውተር ላይ አትፈልጉ። የእናንተ ራውተር የሚያውቀው የእናንተን ምርጫ ነው። የሌላውን ለማየት ሌላ ቦታ መቆም ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮቫይደሮች ሉኪንግ ግላስ የሚባል ገጽ አላቸው። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ራውትቪውስ አለ፤ የራይፕ ሪስ አለ፤ ሁለቱም ከብዙ ኔትወርኮች የሰሙትን መንገድ ያሳያሉ። አድራሻችሁን አስገቡና ዓለም በየት እንደሚያያችሁ ተመልከቱ።

የማይመለሰው ትራፊክ

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ የምወደውን ነው። ሁሉን በትክክል ሠርታችሁ የሚመጣ ጉድ ነው። በ2005 አርኤፍሲ 4264 ስም አወጣለት፤ ቢጂፒ ዌጂ። ከ«ዌጅ»፣ ማለትም ከሽብልቅ የመጣ ስም ነው።

አራት ሰዎችን አስቡ። እኛ አለን። ዋናው ፕሮቫይደር አለ። ተጠባባቂው ፕሮቫይደር አለ። ተጠባባቂው ደግሞ እሱም ለትራንዚት የሚከፍለው አለቃ አለው። አለቃውና ዋናው እኩያ ናቸው። እኛ ለተጠባባቂው ኮምዩኒቲ ለጥፈን 50 አስደርገናል። ሁሉ ሰላም ነው። ተጠባባቂው ራሱ ወደ እኛ የሚልከው በአለቃው በኩል፣ በዋናው አድርጎ ነው።

አንድ ቀን ዋናው መስመር ተቆረጠ። ተጠባባቂው ሌላ መንገድ ስለሌለው በ50ው መጣ። ለአለቃውም «ወደ እነሱ በእኔ በኩል ይደረሳል» ብሎ አወራ። ትራፊክ በትንሹ መስመር ገባ። ያሰብነው ይህንኑ ነው። ደግ።

ዋናው መስመር ተጠገነ። ዋናው ፕሮቫይደር ለአለቃው «በእኔ በኩል ይደረሳል» አለው። አለቃው አወዳደረ። ዋናው ለእሱ እኩያ ነው፤ 150። ተጠባባቂው ለእሱ ደንበኛ ነው፤ 200። ደንበኛውን አልለቅም አለ! የእኛ ኮምዩኒቲ እሱ ዘንድ አልደረሰም፤ ቢደርስም ትርጉም አይሰጠውም። በደንበኛው ስለሚልክ ደግሞ ለዚያው ደንበኛ መልሶ መንገዱን አያወራለትም። ስለዚህ ተጠባባቂው ከእኛ ቀጥታ መስመር ሌላ አያውቅም። በ50ው ይቀጥላል። ሁሉም የየራሱን ደንብ አክብሯል። ማንም አልተሳሳተም። ትራፊኩ ግን ትንሹ መስመር ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። መስመሩ ከተጠገነ ሳምንት ቢያልፍም እዚያው ነው። ራውተራችሁ ላይ የምታዩት ሁሉ ከመቆረጡ በፊት የነበረው ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

መፍቻው ከተጠባባቂው ጋር ያለንን ሴሽን ለጥቂት ደቂቃ መዝጋት ነው። ተጠባባቂው መንገዱን ያጣል። ለአለቃው የነገረውን ይሰርዛል። አለቃው ሳይወድ በግዱ ወደ ዋናው ይዞራል፤ ያንንም ለተጠባባቂው ያወራል። አሁን ሴሽኑን ክፈቱት። ተጠባባቂው የአለቃውን 100 ከእኛ 50 ጋር ያወዳድራል። በአለቃው ይልካል። ግራፏ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ዛሬም እጅ አይቻለሁ። «ይህ እንዳይመጣ ማድረግ አይቻልም?» ይቻላል። ቅድም ብልግና ያልነው ዱላ እዚህ ላይ ይክሳል። ጠባቦቹ በዋናው ብቻ፣ ሰፊው በሁለቱም ከታወጀ፣ ዋናው ሲቆረጥ ጠባቦቹ ይጠፋሉ፣ ሰፊው በትንሹ መስመር ያስገባል። ዋናው ሲመለስ ጠባቦቹ ይመለሳሉ። አለቃው ደንበኛውን ቢያስቀድምም ፓኬቱ በጠባቡ ይሄዳል። ሽብልቅ የለም። ስለዚህ ለተጠባባቂ መስመር እኔ ዱላውን እጠቀማለሁ፤ አላፍርበትም።

ያላችሁ አንድ /24 ብቻ ከሆነ ግን መክፈል አትችሉም። ከዚያ የጠበበውን አብዛኛው ዓለም አይቀበለውም። ለእናንተ የቀረችው ያቺው ሴሽን መዝጋት ናት። ዋናው መስመር ተቆርጦ በተመለሰ ቁጥር ግራፏን ክፈቱ። የሚገባው ትራፊክ ከሩብ ሰዓት በኋላም በትንሹ በኩል ከሆነ ለስልክ ጥሪ ሳትጠብቁ ዝጉት፣ አምስት ደቂቃ ቁጠሩ፣ ክፈቱት።